የሐጂ እንድሪስ ብርዝ

ደሴ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ቦሌን አይተው የማያውቁ ወዳጆቼ ስለ አስፋልቱና ስለ አውሮፕላን ማረፊያው እንድጽፍላቸው ጠብቀው ነበር። ስለ እነሱም እላለሁ፤ ብዙውን ቦታ የሚወስደው ግን አንድ ጋን ብርዝና ከዚያ ጋን እንዲቀምሱ የተጠበቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ያየሁትንና የሰማሁትን በየቀኑ በደብተሬ ይዤ ስለነበር ቅደም ተከተሉ አልተፋለሰም። የተሳሳትኩትንም አልሰረዝኩትም።

ረቡዕ

የጉዞዬ ምክንያት የአክስቴ ልጅ የጋሽ አያሌው ደብዳቤ ነው። ጋሽ አያሌው በአሰብ መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቶ ወሎ ሰፈር ተቀምጧል። ደብዳቤው አጭር ነበር። "ትንሿን ልጄን ሰናይትን እሑድ እድራለሁ። የአምባሰል ነጭ ማር አንድ ቆርቆሮ ይዘህ ና። ማሩ ለጠጅ አይደለም። ሌላውን ስትመጣ ትሰማለህ።"

ጊዜው ጥር 1987 ነው፤ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። አውቶቡሳችን ከደሴ የተነሳው ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ከራሱ አላወረደም። አጠገቤ የተቀመጡት ከሐይቅ የመጡ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ካራቆሬ ሳንደርስ መንገዱ ቆርቆሮዬን ሲያንገጫግጨው ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ማሩ በሴትዮዋ ጓዝ ላይ ተንጠባጠበ።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእኔ ማር ነው" አልኳቸው።

በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። "የአምባሰል ነው?"

"አዎ፣ የአምባሰል ነው።"

"ታዲያ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? ሽቶ ቀባሁሽ አትለኝም?" ሳቁና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "ለጠጅ ነው የምትወስደው?"

"ለብርዝ ነው። ሰርጉ ላይ ሙስሊም እንግዶች አሉ።"

"ማር ሃይማኖት የለውም፣ ልጄ። ውሃ ገብቶበት ሲያድር ነው የሚለየው።"

አባባሉ ስላማረኝ በደብተሬ ጻፍኩት። እንደ አባባል እንጂ እንደ ምክር አልጻፍኩትም፤ ጥፋቱ እዚያ ጀመረ።

ምሳ ሸዋ ሮቢት በላን። እንደ ደሴ ሁሉ እዚያም ተሳፋሪው ከአውቶቡስ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጨረቃ ወደተሳለበት ምግብ ቤት፣ ግማሹ መስቀል ወደተሳለበት። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩ። ሾፌራችን ከእኔ ጋር ገብቶ ተቀመጠ፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ቢራ ሲልክለት በእጁ ገፋው።

"ምነው፣ ጾም ነው እንዴ?" አለው ሰውየው።

"መሪ እስክለቅ ድረስ እኔም ሐጂ ነኝ" አለ።

ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ብርዱን ቀምሰን፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተራ ገባን። ከዚያ በሁለት ውይይት ታክሲ ወሎ ሰፈር ደረስኩ። ጋሽ አያሌው መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ከእኔ በፊት የተቀበለው ቆርቆሮውን ነው።

"ጎድሏል" አለ ክብደቱን በእጁ መዝኖ።

"አንዲት የሐይቅ እናት ቀምሰውታል" አልኩት።

ሐሙስ

ወሎ ሰፈር ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ አውሮፕላን ነው። ደሴ ጠዋት በአንድ ወገን አዛን፣ በሌላ ወገን ቅዳሴ ይሰማል፤ እዚህም ሁለቱ አሉ፣ ግን አውሮፕላኑ በሁለቱም ላይ ያልፋል። የጋሽ አያሌው ግቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በጋራዦች መሃል ነው። ከፊት ለፊቱ፣ በጠባቧ መንገድ ማዶ፣ የሐጂ እንድሪስ ቤት አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእኛ አገር ሰዎች ነው። ቡና አፍልተው ሲጠራሩ በአንደበታቸው ብቻ ቦሩ ሜዳ ያለሁ መስሎኝ ነበር።

የጋሽ አያሌው ባለቤት እትዬ ወርቅነሽ ፍርፍር አቅርባልን ስንበላ ጋሽ አያሌው ነገሩን አወጣው። ሐጂ እንድሪስ በአሰብ መስመር የሥራ ጓደኛው ነበሩ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ ተከታትለው ነበር የሚነዱት። ሰናይት የተወለደች ጊዜ እትዬ ወርቅነሽ ታማ ጡቷ ወተት ስላልነበረው፣ የሐጂ ሚስት ከራሷ ልጅ ጋር አጠባቻት። በእነሱ ሃይማኖት ይህ ዝምድና ነው፤ ሰናይት ለሐጂ የጡት ልጅ ናት። "አባ ሐጂ" ብላ ነው የምትጠራቸው።

"ከሰባት ዓመት በፊት ትልቋን ስድር" አለ ጋሽ አያሌው፣ "ቀጂው ተሳሳተና በብርዝ ፈንታ ጠጅ ሰጣቸው። ግማሹን ጠጥተው ነው ያወቁት። ምንም አላሉም፤ መርቀው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ቤት አንድ ነገር አፋቸው ገብቶ አያውቅም።"

"ተጣልታችኋል?"

"አልተጣላንም! ስታመም ከራስጌዬ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ለቅሶ ሲሆን ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን ውሃቸውን በኮዳ ይዘው ይመጣሉ። ያችን የጥንት የሾፌር ኮዳ ታውቃታለህ? በትከሻቸው አንጠልጥለዋት ይመጣሉ፣ ሲጠማቸው ከእሷ ይጠጣሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ!"

"የታሸገ ለስላሳ አቅርባችሁላቸው ታውቃላችሁ?"

"ክዳኑ ያልተከፈተ" አለች እትዬ ወርቅነሽ። "አመስግነው መለሱልኝ።"

ይህ ነጥብ ከሌላው ጋር አልገጠመልኝም። የጠጅ ፍራቻ ቢሆን የታሸገውን ጠርሙስ ምን አስመለሰው? በደብተሬ አሰመርኩበት።

ሰናይት በዚህ መሃል ገባች፤ ራሷን ሊሠሯት ቀጠሮ አላት። "ጋሼ፣ ነገሩህ?" አለችኝ። "አባ ሐጂ ከቤታችን ሳይቀምሱ ሙሽራ ሆኜ ከዚህ በር አልወጣም። ለአባዬ ነግሬዋለሁ።"

"ሙሽራው በመኪና ቆሞ ይጠብቃል በያ!" አለ አባቷ።

"ይጠብቅ።" ይህን ብላ ሄደች። ቀልድ እንዳልሆነ ከአባቷ ፊት አየሁ።

የእኔም ሥራ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ብርዙ ሲበጠበጥ እንዳይና እሑድ ለሐጂ እንድመሰክር ነው የተጠራሁት። "አንተ ጋዜጠኛ ነህ" አለ ጋሽ አያሌው። "ያላየኸውን እንደማትናገር ሐጂ ያውቃሉ።"

ሥራውን በሥርዓት ያዝኩት። እትዬ ወርቅነሽ ትልቁን ጋን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ አጥና አቀረበችው። ማሩን በጥብጠን ሰፈፉን አጥልለን ልንገለብጥ ስንል ቆም አለች።

"ተሾመ፣ ብርዝ እሑድ ጠዋት ቢበጠበጥ ነው የሚሻለው። ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቱ ሰው ይሞላል" አልኳት። "ማን ምን እንደጨመረበት እንዴት አውቃለሁ? ዓይኔ እያየ ዛሬ ይበጥበጥና ይታሸግ።"

"ይፈላልሃል።"

"ጌሾ ሳይገባበት?"

"ጋኑ የጠጅ ጋን ነው። ቢታጠብም አይረሳም።"

ያለ ጌሾ ጠጅ የለም ብዬ ተከራከርኳት። ማሩም ጋኑም ለእሷ እየመሰከሩላት፣ እኔ ግን ከወሬ በሰማሁት ረታኋት። "እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" አለችና ማሩን አንድ ጠብታ ሳታስቀር ገለበጠችው። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። በላዩም ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ለጠፍኩ።

"የፍርድ ቤት ኤግዚቢት አስመሰልከው" አለ ጋሽ አያሌው። ደስ ብሎት ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ እንድሪስን ጋራዣቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ኮዳዋ፣ በጆንያ ጨርቅ የተሰፋችው፣ ከወንበራቸው መደገፊያ ተንጠልጥላለች። ገና ሳልቀመጥ ሠራተኛቸውን ጠሩ።

"ከክርስቲያን ቤት የጾም በያይነቱ አምጣ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ የደሴ ሰው ጾሙን አይሽርም።"

ዓርብ መሆኑን ከእኔ ቀድመው ያሰቡት እሳቸው ናቸው። እየበላሁ ስለ መጠጥ ጠየቅኋቸው። ለጋዜጣም የሚሆነኝ ርዕስ ስለሆነ ደብተሬን አውጥቼ እንደ ሥራ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም እንደ ሥራ መለሱ።

"ለእኛ ጥቂቱም ብዙውም አንድ ነው" አሉ። "የሚያሰክር ከሆነ ጠብታውም ሐራም ነው። ጠብታው የጋኑ በር ነውና።"

"የሚጠጣ ሙስሊም የለም ማለትዎ ነው?"

"አላልኩም! ማታ ማታ ቦሌ መንገድ ላይ የሚያመሸውን አውቀዋለሁ፤ የጓደኛዬ ልጅ ነው። ሐራም መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም ነው የምልህ። እየጠጣም ያውቀዋል።"

"ሳያውቅ የጠጣስ?"

"አያሌው ነገረሃ። ሳያውቅ የጠጣ ኃጢአት የለበትም። ያን ቀን ወጥቼ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ሰግጄ አደርኩ፤ አለቀ።"

"ካለቀ ኮዳዋ ምንድን ናት?"

ኮዳዋን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። "አያሌው ያኔ ይጠጣ ነበር። ሚሌ ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ሲጠጣ የመኪናውን ቁልፍ እቀበለው ነበር። ይሰድበኛል፤ 'ዛሬ ስድብህን ብሰማ ነገ ሬሳህን ከገደል ከማውጣት ይሻለኛል' እለዋለሁ። ጠዋት ስሰጠው ይስቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ተኝቷል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን፣ አንድ ብርጭቆ ይዤ፣ 'አያሌው፣ ይሄ ብርዝ ነው?' ብዬ ጠየቅኩት።"

"ምን አለ?"

"ብርጭቆውን ሳያይ 'ብርዝ ነው፣ ጠጡ!' አለኝ።"

የጋሽ አያሌው ቀጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም። ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን ጻፍኳቸውና ደብተሬን ዘጋሁ። እሑድ ይመጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "የልጄ ሰርግ ነው" አሉ። "እንዴት አልመጣም?"

ወደ አመሻሹ የቦሌን መንገድ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በእግሬ ሄድኩት። አስፋልቱ ሰፊ ነው፤ የደሴን ፒያሳ ሁለት ጊዜ ቢያስተኙበት ይችላል። ድራፍት ቤቶቹን ልቆጥር ጀምሬ ብዛታቸው ስላሰለቸኝ ተውኩት። አንዱ ውስጥ ገብቼ የተለመደች አንድ ብርጭቆዬን አዘዝኩ፤ ከአንድ አልፌ አላውቅም። ቀጂው ወጣት ነው፤ ገበያ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"አሁን ጥሩ ነው፣ ጋሼ። ረመዳን ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ።"

"ረመዳንን ከድራፍት ቤት ምን አገናኘው?"

"እኔ ሃይማኖት አልጠይቅም" አለ እየሳቀ። "ብርጭቆ ነው የምቆጥረው።"

ቅዳሜ

ጠዋት ከጋሽ አያሌው ጋር ለሰርጉ የሚታረዱትን በሬዎች ልናመጣ ወደ ቦሌ ለሚ ሄድን። ከአስፋልቱ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ከተማው አለቀና የጤፍ ክምር፣ የኩበት ሽታ፣ በበጋም ያልደረቀ የወንዝ ዳር ጭቃ መጣ። መኪናችን ጭቃው ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች፤ ያወጣን ራሱ በሬዎቹን የሸጠልን ገበሬ ኦቦ ደበሌ ነው። ጫማዬን ከጭቃው ነቅሎ በውሃ አጥቦ ሰጠኝ። ቤቱ አስገብቶን ፈርሶ በጣሳ ቀዳልን፤ እኛ ጠላ የምንለው ነው።

"በጥር ያልጠጣ መቼ ሊጠጣ ነው?" አለ። "ማርያም ትጠጣለች፣ ሚካኤል ይጠጣል፣ እኛም ለእነሱ እንጠጣለን።"

ዝክር ማለቱ ነው። ጋሽ አያሌው ግን ጣሳውን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አስቀመጠው። በልጅነቱ ድቁና ተምሮ ነበርና መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፦ "እኛ መጠጥ አልተከለከልንም፤ ስካር ነው የተከለከልነው። የቃናውን ሰርግ ታውቃለህ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለቅዳሴ የሚቀርበው ከዘቢብ የተጨመቀ ነው እንጂ የፈላ አይደለም። ይህን ዲያቆን ሆኜ በእጄ አውቃለሁ። መሪ ስጨብጥ ረሳሁት።"

"ያን ቀን ሰክረህ ነበር?" አልኩት።

"የትኛውን ቀን?"

"ሐጂ ብርዝ ነው ወይ ብለው የጠየቁህን ቀን።"

የበሬዎቹን ዋጋ ማስላት ጀመረ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስም አሰላው።

ከሰዓት በኋላ ሲኤምሲ፣ ከሙሽራው አባት ከአቶ መኮንን ቤት ሄድን። ቤቶቹ በልክ የተሰለፉ፣ አጥራቸው የተከረከመ ነው። ደሴ ቤት ከቤት ተደጋግፎ ነው የቆመው፤ እዚህ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሟል። አቶ መኮንን ጡረታ የወጡ መምህር፣ እምነታቸው ፕሮቴስታንት ነው። የሰርጉ ሥርዓት የት እንደሚፈጸም ሁለቱ ቤተሰቦች ብዙ ተከራክረው ጨርሰዋል፤ ያ የእኔ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለስላሳ ቀርቦልን ጠጣን።

"እኛ ቤት መጠጥ አይገባም" አሉ አቶ መኮንን። "ሰው ላይ ግን አልፈርድም። እኔ በወጣትነቴ ልኬን የማላውቅ ሰው ነበርኩ። በልክ ጠጡ የሚለው ትእዛዝ ልኩን ለሚያውቅ ነው፤ ለእኔ አይሠራም።"

"ነገ ለእርስዎ ወገን ብርዝ አለ" አልኳቸው። "ታሽጓል፤ ፊርማዬም አለበት።"

"እንግዲያው በሥጋው ከእናንተ ጋር፣ በመጠጡ ከሐጂ ጋር ልንሆን ነው" ብለው ሳቁ። እውነትም ነው፤ ሙስሊሞቹ የሚበሉት በሙስሊም እጅ ከታረደው በሬ ብቻ ነው፣ ጴንጤዎቹ ደግሞ ከእኛው በሬ ይበላሉ። ጋኑ ግን ለሁለቱ አንድ ነው።

እሑድ

ሁለት ሰዓት ላይ ጋኑን ከፈትን። ፊርማዬ በቦታው ነበር፤ ጭቃው ግን ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ ጨርቁ እንደ ሆድ ተነፍቷል። ገና ስገልጠው እስ... የሚል ድምፅ ሰማሁ። አረፋ አፉ ድረስ ወጥቷል።

እትዬ ወርቅነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ተናግሬ ነበር" እንኳ አላለችኝም፤ ብትለኝ በቀለለኝ።

በኩባያ ቀድቼ ቀመስኩት። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ቆይቶ የምላስን ጫፍ ይቆነጥጣል። ጋሽ አያሌውም ቀመሰ።

"ጣፋጭ ነው" አለ። "ማንንም አያሰክርም። አንዲት ጉንጭ ናት፤ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። ለሐጂ ብርዝ ነው ብዬ አልመሰክርም።"

"አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ! ማሩ አልቋል! ልጅቷ አልወጣም ብላለች!" ድምፁ ከፍ አለ፤ ቀጥሎም ወረደ። "ያበላሸኸው አንተ፣ የምታጋልጠኝም አንተ?"

"ማበላሸቱ የእኔ ነው" አልኩት። "እሱንም እነግራቸዋለሁ። ሌላውን ግን የምትነግራቸው አንተ ነህ።"

የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ለብዙ ጊዜ ጋኑን አየው።

በአራት ሰዓት ድንኳኑ ሞልቷል። በቀኝ ክርስቲያኑ ከጠላው ጋር፣ በግራ ሙስሊሙ፣ ከሙስሊሙ ቀጥሎ አቶ መኮንንና ወገኖቻቸው ተቀምጠዋል። ሐጂ እንድሪስ ነጭ በነጭ ለብሰው ገቡ፤ ኮዳዋ በትከሻቸው ላይ ናት። ሰናይት ከእልፍኝ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመችና እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ሁሉም ሰው ምን እንደምትጠብቅ ያውቃል፤ ወሬ በወሎ ሰፈር ከአውሮፕላን ይፈጥናል።

ጋሽ አያሌው ባዶ እጁን መጣ።

"ሐጂ፣ ለእርስዎ ብዬ ያዘጋጀሁት ብርዝ ፈልቷል። አይጠጡት።"

ሐጂ ቀና ብለው አዩት።

"ሌላም አለ። ያኔ... ጥፋቱ የቀጂው አይደለም። ቀጂው የሰጠዎትን አላየሁም። እርስዎ ሲጠይቁኝ ሰክሬ ነበር፤ ብርጭቆውን ሳላይ ነው ብርዝ ነው ያልኩዎት። ሰባት ዓመት በቀጂው አሳበብኩ።"

ከሙስሊሞቹ ወገን አንድ ሽማግሌ "አጂብ!" ብለው ሲደነቁ ሰማሁ። ከላይ አውሮፕላን አለፈ፤ እስኪያልፍ ሁሉም ጠበቀ።

"አያሌው" አሉ ሐጂ፣ "ቤትህ ውሃ የለም?"

"ምን አሉኝ?"

"ውሃ! ከቧንቧ! ሰባት ዓመት ኮዳ ተሸክሜ ትከሻዬ ወደቀ እኮ!"

መጀመሪያ የሳቁት አቶ መኮንን ናቸው፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። እትዬ ወርቅነሽ ግን አልሳቀችም፤ ሮጣ ነው የሄደችው። በቤቱ ኩባያ፣ በየቀኑ በምትጠቀምበት፣ ውሃ ቀድታ አቀረበች። ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው ተቀበሉ፣ በሦስት ጉንጭ ጠጡ፣ የተረፈውን ለሰናይት አቀመሷት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ "ቤታችሁ ውሃ አይጣ፣ ቃላችሁ አይፍላ።" ከግራም ከቀኝም "አሚን"፣ "አሜን" ተባለ። ሰናይት ተነስታ ዓይኗን ጠረገች፤ የሙሽራው መኪኖች ብዙም አልጠበቁም።

ጴንጤዎቹ ለስላሳ ጠጡ። የጋኑ ነገር ግን አስቸጋሪ ሆነ፤ ብርዝ ነው ብሎ በግራ የሚያቀርበው፣ ጠጅ ነው ብሎ በቀኝ የሚያቀርበው ጠፋ። መጨረሻ ኦቦ ደበሌ በሬዎቹን ተከትሎ መጥቶ ነበርና ወሰደው።

"ሁለት ቀን ብቻ ልጨምርለት" አለ። "ከዚያ ስሙን እሱ ራሱ ይነግረናል።"

ሰኞ

ጠዋት ሐጂ ራሳቸው በጋራዣቸው መኪና አውቶቡስ ተራ አደረሱኝ። ጋሽ አያሌው ከፊት ተቀምጦ በየመስቀለኛው መንገድ "ፍሬን ያዙ፣ ፍሬን ያዙ" ይላቸዋል።

"ቁልፉን ላስረክብህ?" ይሉታል እሳቸው።

እትዬ ወርቅነሽ ለመንገድ ጭኮ ሰጥታኛለች። ለእሷ ከመውጣቴ በፊት የነገርኳትን እዚህም አኑሬዋለሁ፦ ማር ያለ ጌሾም ይፈላል፣ የጠጅ ጋን አይረሳም፣ ይህንንም ሦስት ቀን አስቀድማ የነገረችኝ እሷ ናት። ከእሷም በፊት የሐይቋ እናት።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሐጂ በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር አቀበሉኝ፤ ኮዳዋን ነው።

"ለመንገድ ይሁንህ" አሉ። "እኔ ከአሁን በኋላ ምን ያደርግልኛል? መንገዱን ተሻግሬ ነው የምጠጣው።"

ጣርማ በር ላይ ጠማኝና ክዳኗን ከፈትኩ። ሥራዬ ማጣራት ነውና መጀመሪያ አሸተትኩ፣ ቀጥሎ ቀመስኩ። ውሃ ነው።